ከረጋው ሥር

ላም ይሉታል ወንዙን፣ ስሙ ነው በአገሩ፤
አላቢው ግን ሌላ፣ ከማዶ ነው ዘሩ።
«ላም አለኝ በሰማይ» የሚባል ተረት አለ፤
የነዚህስ እዚሁ ደጅ ላይ እየዋለ፣
ወተቱ በየመርከቡ ማዶ እየታደለ።

ጨው ያሰጣል ሕዝቡ ከባሕሩ አፋፍ፣
ፀሐይ እስኪያነጣው፣ እግሩ እስኪገፈፍ፤
በሳንቲም አስረክቦ ለሙሴ መጋዘን፣
ማታ ድስቱ ጨው ሲል፣ ያንኑ የራሱን
በአሥር እጥፍ ይገዛል፣ ቆሞ በሚዛን።

እማማ ኛን ደግሞ የምትተዳደረው
በባሕር ሣር ነበር፣ ካለት ሥር በምታጭደው፤
ቀቅላው፣ አጥልላው፣ በቆርቆሮ ትሪ ቀዝቅዞ ሲያድርላት
ይረጋል ሲነጋ፤ እንደ መስታወት ጠርቶ፣ እንደ ጉንጭ ሲነኩት
እየተንቀጠቀጠ፤
ከሸንኮራ ማር ጋር ትሸጠው ነበረ፣
ሲቀዝፍ ውሎ በቀትር ለቀለጠ።

ሌላ ጥቅም ያየችበት ልጇ ነች፣ ቶዋን።
በሐምራዊ ቀለም ጽፋ አንድ ወረቀትን፣
በፊቱ አስተኝታ ከረጋው ገላ ላይ፣
ቀስ ብላ ስትገልጠው፣ ፊደል ሠርጎ ስታይ፣
ባዶ ሉክ ታለብሳለች፣ ትዳብሳለች በመዳፍ፤
ትልጠዋለች፤ ሌላ፤ ደግሞ ሌላ፤ እስኪያልፍ
ሌሊቱ።
የመጀመሪያው ይጮኻል፤ አሥረኛው ይናገራል፤
ሠላሳኛው ሹክ ይላል፤
አርባኛው ላይ ፊደሉ እስትንፋስ ብቻ ሆኗል።
ማንበብ ለተጠማ እስትንፋስም ይበቃል።

«የጨው ዋጋ ይውረድ። የራስ ግብር ይቅር።
ይህ ወንዝ ባለቤት አለው፤ እኛ ነን፣ እኛው መንደር።
ዓርብ ከድልድዩ፣ ከበሮ ሲሰማ።»
ማንበብ የማይችለው ቀዛፊው ኩዌማ
በዘንባባ ባርኔጣው ሰፍቶት ሰፈር ለሰፈር ዞረ።
«ምን ይላል?» ቢሉት፣
«ይከብዳል» ብሎ ነገረ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ደረሰ ሙሴ ጋሪግ ከነፖሊሱ፤
ቱክ ያስተረጉማል፣ የዚያው መንደር ልጅ ነው እሱ።
የሩዝ ገንቦ ተገለበጠ፣ ምንጣፉ ተተረተረ፣
የአያቶች መሠዊያ ሳይቀር ሥሩ ተመረመረ።
ትሪው ግን ከጠረጴዛ ላይ፣ ሳይሸፈን፣ በግላጭ ውሎ
የዓርቡን ቀጠሮ ገልብጦ ይዞ፣ ይጠብቅ ነበር ዝም ብሎ።

ቶዋን ገረጣች።
እናቷ ረጋች።
«ሙሴ፣ ፀሐይ ከረረ» ብላ ቢላ አነሳች፤
አገር የሚያህል ቃል በአራት ማዕዘን ከተፈች፤
የሸንኮራውን ማር አፈሰሰችበት፣ ጥቁር፣ እንደ ሌት፤
ዝንጅብል ጣል አድርጋ፣ «ይብረድልዎ፣ ይቅመሱት።»

በላ። ደገመ።
«ግብር ይቅር» የሚለውን ዋጠው በደስታ፤
«ከበሮ» ግን ጥርሱ መሀል ጥቂት አመነታ።
ሳንቲም ሳይከፍል ተነሳ፤ ሊያዛጋ አፉን ከፈተ፤
ምላሱ ሐምራዊ ሆኖ ከጢሙ ሥር ተጎለተ።

ቱክ ምላሱን አየ። የአሮጊቷን ጣት አየ።
አንድ ነው ቀለማቸው። በር ላይ ጥቂት ቆየ።
ይህን ሣር ልጅ እያለ እሷ ናት ያበላችው፤
ደመወዙ ደግሞ ከሙሴው ኪስ ነው የሚወጣው።
«ምን አለች?» አለ ጌታው። እሷ ቃል አልወጣትም።
«ደህና ይግቡ ብላለች»፤ ቱክ ሌላ አልተረጎመም።

ሌሊት ከመስታወት ፊት ምን እንዳለ አልሰማሁም፤
ጎሕ ሳይቀድ ተመለሱ፤ ቶዋንን አላገኙም፣
ኩዌ ከመረቡ ሥር አሻግሯት ነበርና።
ኛንን ግን ወሰዷት፣ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ገና።
«ማን ጻፈው?» ሲሏት፣
«ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሻጭ ነኝ፣ የረጋ» አለች፤ ሌላ የላት።

የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል ይባላል፤
የረጋ የባሕር ሣር ምን እንደሚወጣው ማን ያውቃል?
በዓርቡ ማለዳ
ከዘጠኝ ጎጆዎች የሣር ቅቅል እንፋሎት ወጣ ከየጓዳ፤
ዘጠኝ ትሪ ሙሉ።
ያን ያህል ጣፋጭ ወዳጅ አልነበረም በመንደሩ ሁሉ።